ከጋርመንት ተቀንሻለሁ፤ አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ ኮምቦልቻ ልቆይ? ላልሽው

ለጊዜው አትሂጂ። ጓደኛሽ «ነይ፣ ሥራ አይጠፋም» ስላለችሽ ሥራ አለ ማለት አይደለም። የሚቀጥርሽ ሰው ቁርጡን ካልነገረሽ፣ እዚያ የምትጀምሪው ለቤት ኪራይ ቀብድ በመክፈል ነው።

መጀመሪያ ሒሳብሽን ጨርሺ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይከፈልሻል። የወጣሽው በቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። የሥራ ልምድ ወረቀትሽንም ተቀበዪ። ርቀሽ ከሄድሽ ለአንድ ፊርማ መመላለሱ ያሰለቻል፤ 6 ወር ካለፈ ደግሞ የክፍያ ጥያቄው በይርጋ ይቀራል።

ቤተሰቦቼ ሐርቡ ናቸው ብለሻል። እንግዲያው ኪራዩን ልቀቂና እዚያ ሆነሽ ኮምቦልቻና ደሴ ሥራ ፈልጊ። የማሽን ስፌት ስለምትችዪ ደሴ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን ዞር ዞር ብለሽ ጠይቂ። ዒድ ሲቃረብ ሥራው ስለሚያጨናንቃቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ደላላ ግን ተጠንቀቂ። ፋብሪካ ሰው ሲቀንስ የት እንደነበሩ እንጃ፣ ከች ይላሉ። የሰፈራችን ልጅ የስንብት ብሯን «ለዓረብ አገር ፕሮሰስ» ተብላ ቆጥራ ሰጠች። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ፤ ስልኩም ተዘጋ። ፓስፖርትሽንም ለማንም እንዳትሰጪ።