የለገሃሩን ባቡር ደርግ ነው የወረሰው?

ወንድሜ፣ «የጅቡቲን ባቡር ደርግ ወረሰው ወይ?» ላልከው፣ እንደ ፋብሪካዎቹና እንደ ትርፍ ቤቶቹ በአዋጅ የተወረሰ አይደለም። ቀስ በቀስ ነው እጃችን የገባው።

አጼ ምኒልክ ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ባለቤቱ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። በ1959 በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ ግማሹን ድርሻ አገኘች። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ወጣች፤ በ1981 ባቡሩ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ።

ግን የመንግሥት መሆኑ ብቻውን ከመዳከም አላዳነውም። ሐዲድ በየጊዜው ገንዘብ ይፈልጋል፤ መለዋወጫ ይፈልጋል። ልጅ ሆኜ ለገሃር ዘመድ ልንቀበል ስንሄድ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ፉርጎ ሲከፈት ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። ዛሬ ከአንበሳው ሐውልት ጀርባ ያንን አሮጌ ጣቢያ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።