«ናኖ ነው፤ ከሰውነት አይወጣም» አሉን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር የሚባል በሽታ ይዞት ተመለሰ። በጣም ስለተዳከመ ሐኪሙ አምቢዞም የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘለት። አንድ ዘመዳችን ግን «ናኖ ነው፤ ገብቶ አይወጣም» ብሎ እናታችንን አስደነገጣት። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ደብረ ማርቆስ ፋርማሲስት ነኝ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ከቆላ የሚመለሱ ልጆችን አውቃለሁ።

ዘመዳችሁ ናኖ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ፣ ማለቱስ ልክ ነው። መድኃኒቱ የታሸገው ከ100 ናኖሜትር በሚያንሱ የስብ እንክብሎች ውስጥ ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ውስጡ ያለው መድኃኒት፣ አምፎቴሪሲን ቢ፣ ያለ ስቡ ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። የካላዛር ተውሳክ ደግሞ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ፣ ባዕድ ነገር በሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ሆድ ይደበቃል። እነዚያው ሴሎች የስቡንም እንክብል ይውጡታል። መድኃኒቱ እተደበቀበት ድረስ ይገባል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኝ ዋለ።

«አይወጣም» የሚለው ግን ስህተት ነው። ስቡን ሰውነት ያፈርሰዋል። የመቅረት ስጋት የሚነሳው በይበልጥ እንደ ወርቅና ብር ባሉ የብረት ናኖ ቅንጣቶች ላይ ነው። «የናኖ ብር ውኃ» ለሁሉም በሽታ ፈውስ ነው የሚላችሁ ካለ አትግዙ። ብር ቆዳ ውስጥ ተጠራቅሞ መልክን አመድማ ሰማያዊ ያደርጋል፤ አይለቅም።

አምቢዞምም አደጋ የለውም አልልሽም። ሲሰጠው ሊያንቀጠቅጠው፣ ጀርባውን ሊያመው፣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ያኔውኑ ነርሷን ጥሩ። አንድ ጎረምሳ ደረቱ እየተጨነቀ ዝም ብሎ ነበር፤ የደረሰለት የጎኑ አስታማሚ ነው። ኩላሊትም ከጉዳት ጨርሶ አያመልጥም፣ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድንም ይወርዳል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትም በመሃልም ደሙ ይታይለት። ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ለወገቡ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩ፤ እሱም ኩላሊት ይነካል።

ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ከተባላችሁ፣ መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም፤ በረዶም መሆን የለበትም።

ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ከተመለሰ ወይም ሆዱ ካበጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። ዳግም መተማ የሚወርድ ከሆነ አጎበር ይያዝ። የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው ሲመሽ ነው፤ ግራር ሥር ሜዳ ላይ አይተኛ።