መልስ፦ ሃቲ ማክዳንኤል የያዘችው ኦስካር ነው?

አዎ፣ የጠየቅሽኝ ፎቶ ላይ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሃቲ የያዘችው ጠፍጣፋ ነገር ራሱ ኦስካሩ፣ ማለትም የአሜሪካ የፊልም ሽልማቱ ነው። «ሐውልት ካልሆነ እውነት ተሸልማለች?» ላልሽው፣ ተሸልማለች። በረዳት ተዋናይነት ያሸነፉ ሰዎች እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚሰጣቸው ትንሽ የሐውልቱ ምስል ያለበት ሰሌዳ ነበር።

ሃቲ የተሸለመችው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ነው። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ ከመለሰው ልብ ወለድ በተሠራው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ፊልም፣ ማሚ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ሆና ተውናለች። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር እሷ ናት። ፎቶውን ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ ሰክታለች። እንዲያ አምራ የሄደችበት ሆቴል ግን ጥቁር አያስገባም ነበር። በልዩ ፈቃድ ገብታ፣ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ ጥግ ላይ ነው የተቀመጠችው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ሰሌዳው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ ተናዛ በ1952 አረፈች። እዚያ ጠፋ። ምትኩ የተሰጠው በ2023 ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፊልሙ የ1939፣ ሽልማቱ የ1940 ነው። እኔ ሁለቱን አምታትቼ ጽፌ፣ ሰው ካነበበው በኋላ ነው ያረምኩት። ለየብቻ ጻፊያቸው።