«ዜናውን ከእህቱ ነው የሰማሁት»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የሚያጠናው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አሁን አሜሪካ፣ አልበከርኪ የምትባል ከተማ ውስጥ የሁለት ዓመት የምርምር ሥራ አግኝቷል። ቦታው በረሃ ነው አሉ። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ደረቅ መሬትና ቡናማ ተራራ ብቻ ነው ያየሁት። እኔ ብርድ እንጂ ደረቅ ሙቀት አልለመድኩም። ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል። ትንሿ ልጄም አስም ቢጤ አለባት። ውሃም ችግር ነው ይባላል። ዜናውን የሰማሁት ከባለቤቴ እህት ነው። ‹እንኳን ደስ ያለሽ› ብላ ደወለችልኝ። እሱን ስጠይቀው ‹ልነግርሽ ነበር እኮ፤ ለልጆቹ ስል ነው› አለኝ። እኔም ‹እንዳልክ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ በደንብ አላወራንም። መልስ የሚሰጥበት ቀን ደርሷል። እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ብቻዋን ናት። በረሃ ቤተሰብ ይዞ ለመኖር ይሆናል ወይ? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ቆዳሽና ስለ ውሃው ብዙ ጽፈሻል። ስለ እናትሽ የጻፍሽው ግን አንዲት መስመር ናት። ሰው ብዙ የሚያወራለት ነገር ሁልጊዜ የሚያመው ነገር አይደለም። አንዳንዴ እንዲያውም ለማውራት የሚቀለው ነው። ስለዚህ የበረሃውን ነገር ቶሎ እንጨርሰውና ወደ ሌላው እንሂድ።

እኛ ሸዋዎች በረሃ ሲባል ከጣርማ በር ወይም ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል የሚታየው የአፋር ቆላ ነው የሚመጣብን። አልበከርኪ እንደዚያ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋማ በረሃ ናት። ከሸዋ ሮቢት ከፍ ትላለች፤ ከደብረ ብርሃን ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከባሕር ዳር ከተሞች ወደዚያ የሚሄዱ አሜሪካውያን ትንፋሽ አጠረን ይላሉ። አንቺ ግን ከደጋ ወደ ታች ነው የምትወርጂው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ቀኑ ከ33 ዲግሪ ያልፋል፤ ማታ ማታ ግን ይበርዳል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውርጭ ደግሞ ለደብረ ብርሃን ሰው እንግዳ አይደለም።

ድርቀቱ እውነት ነው። በዓመት የሚዘንበው 220 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የደብረ ብርሃን ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ከዚያ ይበልጣሉ። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል፣ ቆዳ ቅባት ይፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ግን አለ። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት የከርሰ ምድር ውሃዋን እያወጣች ስትጠጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ከሌላ ተፋሰስ የተሳበ የወንዝ ውሃም ትጠቀማለች። ባለቤትሽ ለምን እንደጓጓ ከዚህ መገመት ይቻላል። ለልጅሽ ደግሞ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ከመቶ ዓመት በፊት የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን ለደረቅ አየሯ ብለው ወደዚያች ከተማ ይጎርፉ ነበር። በሌላ በኩል በጸደይ ወራት አቧራና የዛፍ ብናኝ ይበዛል፤ አለርጂ ያለበትን ያስቸግራል። «አስም ቢጤ» ይዞ ውቅያኖስ መሻገር ደግሞ ጥሩ አይደለም። ነርስ ስለሆንሽ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ብትሄዱም ባትሄዱም ልጅቷን ሐኪም ይያት።

እና በረሃው ለቤተሰብ ይሆናል ወይ? ይሆናል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል፣ ልጅም ያሳድግበታል። ያንቺ ቤት ችግር ግን ከአየሩ የሚመጣ አይመስለኝም።

አንቺን ያመመሽ ያ ስልክ ነው። የራስሽን ቤት ዜና ከሌላ ሰው አፍ ሰማሽ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትባዪ ደስ ይበልሽ አይበልሽ ገና አላወቅሽም ነበር። ከዚያ ባልሽ «ለልጆቹ ስል ነው» አለ። ለዚህ ዓይነት ንግግር ደግሞ መልስ የለውም። እምቢ ብትዪ ለልጆችሽ የማታስቢ እናት ልትመስዪ ነው። ስለዚህ «እንዳልክ» አልሽ። እሱ ይህን እሺታ ብሎ ወስዶት ይሆናል። አንቺ ግን እሺ አላልሽም፤ ተቀየምሽ። ባልና ሚስት በዚህ ሁኔታ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ቅያሜው አብሮ ይሳፈራል። እዚያ ሄዶ ነው ታዲያ የሚፈነዳው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ እንጀራው አልወጣ ሲል፣ ልጅ ሲታመም፣ «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ይባላል።

ስለ ባልሽም ትንሽ ልበል፤ እሱ እዚህ የለም፣ ራሱን መከላከል አይችልም። ለእህቱ ቀድሞ የነገረው ንቆሽ ላይሆን ይችላል። ብዙ ወንዶች ክርክር ይመጣል ብለው የሚፈሩትን ወሬ መጀመሪያ ለሚያጨበጭብላቸው ሰው ይነግሩታል። የአንቺን ፊት ፈርቶ ይሆናል። ይህ ጥፋቱን አያነሳለትም፤ ግን ከንቀትና ከፍርሃት የቱ እንደሆነ ማወቅ የምትነጋገሩበትን መንገድ ይለውጠዋል።

በነገራችን ላይ፣ በሸዋ ታሪክ ሚስት መኖሪያ ስትመርጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ ቤተ መንግሥቱም ከተማውም ተከትሏቸው ወረደ። ስለዚህ ሐሳብ መስጠት አንቺ አትጀምሪውም።

መጀመሪያ ሁለቱን ጉዳዮች ለያዪአቸው። አንደኛው የስልኩ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የመሄድ አለመሄዱ። አንድ ላይ ካነሳሻቸው እሱ ስለ ሥራው ይከራከርሻል፣ አንቺ ስለ ስልኩ ታለቅሻለሽ፣ አትገናኙም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኮቻችሁን አስቀምጣችሁ፣ የመጀመሪያውን ብቻ አንሺ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ሥራውን በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። ከእህትህ መስማቴ ግን ቤቱ ውስጥ ያለሁ እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። ‹እንዳልክ› ያልኩህ ተስማምቼ ሳይሆን ከፍቶኝ ነው።» ከዚያ ዝም በዪ። እሱ ይናገር። ይቅርታ ካለ ተቀበዪው። «እሺ፣ ታዲያ እንሄዳለን ወይስ አንሄድም?» ካለሽ ደግሞ «እሱን ነገ» በዪው። በእውነትም ለነገ አሳድሩት።

በማግስቱ ስለ መሄዱ ስታወሩ አንድ ነገር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሄ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የኑሮ ለውጦችን በሚያስከትሉት ጫና መጠን ነጥብ ሰጥተዋቸው ነበር። ከሁሉም የሚከብደው የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ አለው። ቤት መቀየር 20 ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ቤት ብቻ አይቀይርም። የኑሮ ሁኔታ መለወጥ 25፣ በባልና ሚስት መካከል አንዱ ሥራ ሲያቆም ወይም ሲጀምር 26፣ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ሲለወጥ 19፣ ማኅበራዊ ኑሮ ሲለወጥ 18፣ እንቅልፍ 16፣ ምግብ 15፣ ከዘመድ ጋር መሰባሰብ ሲቀንስ 15። ቤቱን ጨምረሽ ደምሪው፤ 154 ይሆናል። መለኪያው አሮጌ ነው፣ ለአሜሪካውያንም የተሠራ ነው። ለእኛማ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ የጎረቤት ቡናው ሲቀር 18 ነጥብ ያንሰዋል ባይ ነኝ። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ባልሽ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የሚይዘው ነገር አለው። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ሥራ፣ የሚያከብሩት ባልደረቦች፣ የሚያውቀው ሙያ። ያንቺ እጅ ግን ባዶ ይሆናል። የምትሄዱት አብራችሁ ቢሆንም የምታጡት እኩል አይደለም። ይህን እሱ ከገባው ግማሹ መንገድ አለቀ።

የሥራሽን ነገር በስሜት ሳይሆን በወረቀት አጣሩት። የቪዛ ሰው አይደለሁም፤ ግን ጥያቄዎቹን አውቃለሁ። ለተመራማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጄ ዋን የሚባለው ቪዛ ነው። በዚህ የሚሄድ ሰው የትዳር ጓደኛ እዚያ ከደረሰች በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች፤ ወራት ይፈጃል። ኤች ዋን ቢ ከሆነ ግን በአብዛኛው የትዳር ጓደኛ መሥራት አትችልም። በጄ ዋን የሚሄዱ አንዳንዶች ደግሞ ሲጨርሱ አገራቸው ተመልሰው ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለባቸው። የባልሽ የቱ ነው? በነርስነት ለመሥራትም የሥራ ፈቃዱ ብቻ አይበቃም፤ የትምህርት ማስረጃሽ ይገመገማል፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለብሽ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ደርሶ ነርስ ሆነሽ ላትሠሪ ትችያለሽ። እዚህ ያለው ሥራሽስ? ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጡሽ እንደሆነ ከመልቀቅሽ በፊት አለቃሽን ጠይቂ።

መኪናም አለ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቤት የሚያውል ግን እሱ ነው። አልበከርኪ የተዘረጋች ከተማ ናት። እንደ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይዘሽ ገበያ ደርሰሽ አትመለሺም። መንጃ ፈቃድ የሌላት ሚስት ባሏ ከሥራ እስኪመለስ የምትጠብቅ ሰው ትሆናለች። እኔ ብሆን የመንዳት ትምህርቱን ከስምምነቱ ውስጥ አስገባው ነበር። የእኛ ሰው በብዛት የሚገኘው ዋሽንግተን አካባቢ፣ ዳላስና ዴንቨር ነው። ከእነዚህ የምትቀርባችሁ ዴንቨር በመኪና 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያው ከተማ ውስጥ ኢትዮጵያውያን፣ የምትጸልዩበትም ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት ሰው አፈላልጋችሁ በስልክ አነጋግሩ። ልጆቹ ይለምዳሉ። ስለ እነሱ ብዙም አልሰጋም።

አሁን ወደ እናትሽ። «ብቻዋን ናት» ብለሽ አለፍሽው። ጤናቸው እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠይቃቸው አልጻፍሽም። የፈራሽው ነገር ይገባኛል፤ እኔ ልናገረው። እዚያ ሆነሽ መርዶ እንዳይመጣብሽ ነው። ከአልበከርኪ ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። ከዚያም እስከ መሐል ሜዳ መንገድ አለ። ቀብር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ አዎ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ላትደርሺ ትችያለሽ። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ሟርት ይመስላል፤ አይደለም። ያልተነገረ ፍርሃት ነው ስለ ቆዳና ስለ አቧራ ሲያስወራን የሚከርመው። ይህን ፍርሃት ለባልሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? አልነገርሽው ከሆነ እሱ የሚያውቀው «ሚስቴ በረሃ አትወድም» የሚለውን ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሁንስ ምን ያህል ትደርሺላቸዋለሽ? ሰሞኑን በየመንገዱ ያለውን ሁኔታ ታውቂዋለሽ፤ መኪና የማይንቀሳቀስበት ቀን አለ። ቅርብ ነኝ ብለሽ የምትጽናኚበት ርቀት የምታስቢውን ያህል ቅርብ ላይሆን ይችላል። ይህን የምለው እንድትሄጂ ለመገፋፋት አይደለም። ብትቀሪም ለእናትሽ የሚደረገው ነገር መደረግ እንዳለበት እንድታዪ ነው።

ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ግን የመጀመሪያውን መልስ አትመኚ። የመንዝ እናት «ሂጂ ልጄ፣ እኔን ተዪኝ፣ እግዜር ይከተልሽ» ትላለች፤ እንባዋን ጓዳ ገብታ ነው የምታብሰው። ስለዚህ «ልሂድ ወይ?» አትበያቸው። ሌላ ሌላውን ጠይቂያቸው። ቢያማቸው ጤና ጣቢያ ማን ይወስዳቸዋል? የጤና መድኑን በየዓመቱ ማን ያሳድስላቸዋል? ማታ ማታ ማን አብሯቸው ያድራል? ከዘመድ ልጅ መጥታ አብራቸው እየኖረች ብትማር ይወዳሉ? አልበከርኪ በብርዷ ወራት ከእኛ 10 ሰዓት፣ በሙቀቷ ወራት 9 ሰዓት ወደኋላ ናት። መሐል ሜዳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። እሳቸው እራት በልተው ሳይተኙ አንቺ ቡናሽን እያፈላሽ ልታወሪያቸው ትችያለሽ ማለት ነው። ስልኩን ማንሳት የሚያግዛቸው ሰው ግን ከአሁኑ ይኑር።

«እሱ ይሂድ፣ እኛ እንቅር» የሚል ሐሳብም ቤት ውስጥ መነሳቱ አይቀርም፤ ዘመድ ይወደዋል። እኔ ብዙ አልወደውም። ሁለት ዓመት ለትንሽ ልጅ ረጅም ነው። ለተቀያየመ ትዳር ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እሱ ስድስት ወር ቀድሞ ሄዶ ቤት አዘጋጅቶ እናንተ ብትከተሉ ይሻላል፤ የምትሄዱበት ቀን ከአሁኑ ከተቆረጠ ማለቴ ነው። «ስንመቻች» የሚል ቀጠሮ ቀጠሮ አይደለም።

መልስ የሚሰጥበት ቀን ደርሷል ብለሻል። ባልሽ ለቀጠሩት ሰዎች ዛሬውኑ ይጻፍላቸው፤ ከቤተሰብ ጋር ለመወሰን ሁለት ሳምንት እፈልጋለሁ ይበላቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ ነውር አይደለም። በሁለቱ ሳምንታት የስልኩን ነገር ጨርሱ፣ የቪዛውን ዓይነት አጣሩ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ አንቺና እሱ አብራችሁ መሐል ሜዳ ውጡ። ብቻሽን አትሂጂ። ለእናትሽ ስለዚህ ጉዞ የሚነግራቸው እሱ ይሁን፤ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ።