የቆላምን የመዳብ ሰሌዳዎች እንዴት ታነባላችሁ? ለታሪክ ተማሪ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

ዕድሜዬን የፈጀሁት ውል በማርቀቅና በውል ክርክር ጥብቅና በመቆም ስለሆነ፣ ስለ ጥንት ዘመን ለሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ ከነገሥታት ዘመቻ አስቀድሞ ሰዎች ተስማምተው የፈረሙበትን ሰነድ እንዲያነብ እመክረዋለሁ። የመካከለኛው ዘመን ህንድን ለማወቅ ለምትፈልጉም፣ በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ በዛሬዋ ኬረላ ክፍለ ግዛት በምትገኘው የቆላም ወደብ ከተጻፉት የመዳብ ሰሌዳዎች የተሻለ መነሻ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ849፣ የቼራ መንግሥት ንጉሥ ስታኑ ራቪ በነገሠበት ዘመን፣ ቆላም የምትገኝበት የቬናድ ግዛት ገዥ አያን አዲካል፣ ማር ሳፒር ኢሾ የተባለ ክርስቲያን ላሠራው ቤተ ክርስቲያን መሬትና መብት ሰጠ። ሰነዱ የደግነት ቃል ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከተለያዩ ግብሮች ነፃ ያወጣል፣ በመሬቱ ላይ በሚኖሩት ሰዎች ላይ የዳኝነት ሥልጣን ይሰጠዋል፣ አንጁቫናምና ማኒግራማም የተባሉት የነጋዴ ማኅበራትም መብቱን እንዲያስከብሩለት ያዛል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን የሚዛንና የመስፈሪያ ጥበቃ ለዚሁ ቤተ ክርስቲያን በአደራ መሰጠቱ ነው። ቁንዶ በርበሬ በሚሸጥበት ወደብ ሚዛኑን የያዘ ሰው የገበያውን እምነት ይዟልና፣ ገዥው ይህን ያህል አደራ የራሱ ሃይማኖት ላልሆነ ተቋም ማስረከቡን ልብ በሉ።

ምስክሮቹም የሚያስገርሙ ናቸው። ከፊሎቹ በአረብኛ፣ ከፊሎቹ ፐህለዊ በተባለው የቀድሞ ፋርስኛ፣ ሌሎቹ ደግሞ ፋርስኛን በዕብራይስጥ ፊደል ጽፈው ፈርመዋል፤ ሙስሊሙ፣ የጥንቱን የፋርስ እምነት የሚከተለው ዞራስትራዊው፣ ክርስቲያኑና አይሁዳዊው በአንድ ውል ሥር ስማቸውን አኑረዋል ማለት ነው። ይህን የተለየ ቅድስና አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከአረቢያና ከፋርስ የሚመጣው መርከብ ወደ ህንድ የሚሄደው በአንዱ ወቅት ነፋስ፣ የሚመለሰውም አቅጣጫው በተለወጠው ነፋስ ስለነበር፣ ነጋዴው ለወራት ባዕድ አገር ተቀምጦ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ለተቀማጭ ሰው ደግሞ መጸለያ፣ ዳኛና የታመነ ሚዛን ያስፈልገዋል። ገዥውም ነጋዴው ከሸሸው ወደቡ ባዶ እንደሚቀር ያውቃል። መቻቻሉ በጥቅም ላይ መቆሙ በእኔ ዓይን ክብሩን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም በጽሑፍና በምስክር ስለታሰረ ጸና።

ነገር ግን ንባባችሁ እዚህ ላይ አይቁም። ያው ሰነድ ከመሬቱ ጋር ሰዎችን ለቤተ ክርስቲያኑ ይመድባል፦ ከዘንባባ ዛፍ መጠጥ የሚቀዱ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ እንጨት የሚሠሩና የሚያርሱ ቤተሰቦችን። ዛፍ ለመውጣት ይከፈል የነበረው ግብር ሳይቀር በሰነዱ ተነሥቷል፤ ለቤተሰቦቹ ግን ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም፣ በምስክሮቹም መካከል የሉበትም። ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በንቀት ስም ስንጠራ የኖርን እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዝምታ ለመረዳት አንቸገርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ ስታነቡ ማስታወሻችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ የፈረመውንና ያተረፈውን፣ በሌላው የተሰጠውንና ያልተጠየቀውን ጻፉ።

የሁለተኛውን ወገን ድምፅ ከመዳብ ሰሌዳ ላይ አታገኙትም፤ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይኖርባችኋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ህንድ በካልያና ከተማ፣ የንጉሥ ቢጃላ ሹም የነበረው ባሳቫ የዘር ደረጃን በመቃወም ሺቫ የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልክ ማኅበር ሲመራ፣ ጫማ ሰፊውም ጀልባ ቀዛፊውም ሴቶችም አብረውት ተሰልፈው ቫቻና የሚባሉ አጫጭር መንፈሳዊ ግጥሞችን ደርሰዋል። የደረሱትም የካህናቱ ቋንቋ በነበረው በሳንስክሪት ሳይሆን፣ በየቤታቸው በሚነጋገሩበት፣ ካንናዳ በተባለው የአካባቢው ቋንቋ ነበር። ከቆላም ሰሌዳዎች ቀጥላችሁ እነዚህን አንብቡ።