መርፌው «ቀላል» አይደለም፣ ጠርሙሱም ይመዘገባል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የምርምር ማዕከል የሴፍቲ ፎካል (የደህንነት ተጠሪ) ተደርገሻል፤ ፎርማችሁ ግን «ቀላል» እና «ከባድ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው ያሉት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ደረሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ ስትሰበስብ መርፌ ወጋት። ኬሚስትሪ ክፍል ደግሞ የአሲድ ቆሻሻ የተጠራቀመበት ጠርሙስ ሌሊት ፈንድቶ ጠዋት ስብርባሪው ተገኘ። ኃላፊሽ የመጀመሪያውን «ቀላል» በይው፣ ሁለተኛው «ሰው ስላልተጎዳ አይመዘገብም» አሉሽ። አብሽሪ፣ የእናንተ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ውሳኔው ግን ሁለቱም ላይ ስህተት ነው።

ከወረቀቱ በፊት ልጅቷ ትቅደም። ከተወጋች 72 ሰዓት ካልሞላት ይህን ማንበብ ተይና ኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ወዳለበት ጤና ተቋም ይዘሻት ሂጂ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት (ፔፕ) በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው ጥሩ፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም፤ ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የተወጋው ቦታ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በቃ። መጭመቅ የለም፣ በረኪና ማፍሰስ የለም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፤ በተበከለ መርፌ የመተላለፍ ዕድሉ ግን ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ ልዩነቱ በደሙ ባለቤት ሁኔታ ይወሰናል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ሦስቱን ክትባት ወስደሻል?» ነው (ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር)። የላብራቶሪ ባለሙያዎች ሲከተቡ የጽዳት ሠራተኞች የሚረሱበት ቤት ብዙ ነው። መርፌ ግን ከረጢት የሚያነሳውንም ሰው ይወጋል።

ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት እዚህ ላይ ነው። በዚያው ቀን የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ መነሻ ምርመራ ካልተደረገላትና ውጤቱ ከአደጋው መዝገብ ቁጥር ጋር ካልተያያዘ፣ ከወራት በኋላ አንድ ነገር ቢገኝባት «ቀድሞም የነበረብሽ ነው» ይሏታል፤ መልስ የላትም። «ቀላል» የሚለው ቃል ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን ማስረጃዋንም ነው የሚያጠፋው። ክትትሉም በ6ኛ ሳምንት፣ በ3ኛ ወር እና በ6ኛ ወር ነው። እነዚህን ሦስት ቀኖች ዛሬውኑ በመዝገቡ ላይ ጻፊያቸው፤ ያልተጻፈ ቀጠሮ ይረሳል።

በኤጀንሲ የተቀጠረች ከሆነች ሌላ ጣጣ አለ። ኤጀንሲው «አደጋው የደረሰው እናንተ ግቢ ነው» ይላል፤ ማዕከሉ «ሠራተኛዋ የእናንተ ናት» ይላል። በመሃል ልጅቷ ትመላለሳለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ አደጋን መመዝገብና ማሳወቅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ተጎጂውን ሕክምና ማድረስ የአሠሪው ግዴታ ነው። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ የሚዳኘው በሌላ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ፎርሙ ላይ «የቅጥር ሁኔታ» የሚል መስመር ጨምሪ። ሪፖርቱን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተሽ አንዱን ለኤጀንሲው ስጪ፤ በሌላው ላይ የደረሰበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙልሽ። በስልክ ነግሬያቸዋለሁ ማለት አልነገርኳቸውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ምደባው።

1. «ቀላል/ከባድ» የሚለውን ጣይው። በቦታው ቁጥርና ፊደል አድርጊ። ቁጥሩ የደረሰውን ይናገራል፦ 0 ምንም አልተፈጠረም፣ ሁኔታው ግን አደገኛ ነው (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ከሦስት አራተኛ በላይ ሞልቷል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ በሰንሰለት አልታሰረም)፤ 1 ነገሩ ተፈጠረ፣ ሰው አልነካም፤ 2 የመጀመሪያ እርዳታ በቂ ሆነ፤ 3 የሐኪም ሕክምና አስፈለገ ወይም ሰው ለደም ወይም ለጀርም ተጋለጠ፤ 4 ከሥራ አስቀረ፣ ሆስፒታል አስተኛ፣ አካል አጎደለ ወይም ገደለ። ፊደሉ ሊደርስ ይችል የነበረውን ይናገራል፦ ሀ ሞት ወይም ቋሚ ጉዳት፣ ለ ሐኪም የሚያስፈልገው ጉዳት፣ ሐ ከዚያ ያነሰ። ቁጥሩ ለሕክምናው ነው፤ ማን እንደሚመረምርና በስንት ቀን የሚወስነው ፊደሉ ነው። «ሀ» የወጣለት ሁሉ፣ ቁጥሩ 0 ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ለበላይ ኃላፊ ይደርሳል፤ ምርመራው በሳምንት ውስጥ ያልቃል። በዚህ መሠረት መርፌው 3-ሀ ነው፣ ጠርሙሱ 1-ሀ።

2. በ2 እና በ3 መካከል ያለውን መስመር አስቀድመሽ በጽሑፍ አስቀምጪ፤ ክርክር የሚነሳው እዚያ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት (ኦሻ) የሚጠቀምበት መለያ ግልጽ ስለሆነ ብትወስጂው አይከፋም። ፕላስተር፣ ቁስል ማጠብ፣ የቴታነስ መርፌ የመጀመሪያ እርዳታ ናቸው። ስፌት ወይም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ከሆነ ሕክምና ነው። በሰው ደም የተበከለ መርፌ ከወጋ ደግሞ ጭረት ብታክልም ሁልጊዜ ይመዘገባል፤ የተጎጂው ስም ግን ለሁሉም በሚታየው መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ይህን የመጨረሻውን በተለይ ያዢልኝ። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ «እገሊት ፔፕ ጀመረች» የሚል ወሬ ከወጣ ሁለተኛ ማንም ሪፖርት አያደርግም። መዝገቡ ላይ ኮድ፣ ስሙ በተቆለፈ ፋይል።

3. ጠርሙሱ። ይህ ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ምክንያቱም «ሰው አልነበረም» ማለት «ዕድል ነበረ» ማለት እንጂ «አደጋ አልነበረም» ማለት አይደለም። የአሲድ ቆሻሻ ጠርሙስ ራሱን ችሎ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ናይትሪክ አሲድ ከአልኮል ወይም ከአሴቶን ጋር መደባለቁ ነው። ሲቀላቀል ዝም ይላል፤ ከሰዓታት በኋላ ጋዝ እየፈጠረ ይሄዳል፤ ክዳኑ ከጠበቀ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ሌሊት የሆነውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ስብርባሪው ፊት ላይ ነበር። ከመጠረጉ በፊት ፎቶ አንሺ፤ መለያ ወረቀቱ የተለጠፈበትን ስብርባሪ ለብቻ አስቀምጪ። የሚመዘገበው፦ ውስጡ ምን ነበር፣ በግምት ስንት ሊትር፣ መጨረሻ የጨመረው ማን ነው በስንት ሰዓት፣ ክዳኑ ጥብቅ ነበር ወይስ ማስተንፈሻ ነበረው፣ ስብርባሪው ስንት ሜትር ተወረወረ፣ በሥራ ሰዓት እዚያ ቦታ ማን ይቆማል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት «ሀ» የምታሰጥሽ። ለማጽዳት ሰጋቱራም ወረቀትም አታስነኪ፤ ናይትሪክ አሲድ ሊያቀጣጥላቸው ይችላል። አሸዋ፣ ከዚያ ሶዲየም ባይካርቦኔት ቀስ እያሉ። ማስተካከያው ደግሞ «ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ተነግሯቸዋል» አይደለም፤ ለአሲድና ለሟሟ ኬሚካል የተለያየ ጠርሙስ፣ ማስተንፈሻ ያለው ክዳን፣ አንገቱ ላይ የጨመረው ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ነው።

4. ሰው ስለማያይ የሚጠፉት። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ዋናው ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መመሪያው «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ነው (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)። የግፊት ጌጁን ብቻ አይቶ የሚሠራ አሮጌ ኦቶክሌቭ 15 ላይ ሲቆም ደሴ ላይ ውስጡ 117 ዲግሪም አይሞላም፣ ኮምቦልቻ ላይ 118 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ደሴ ላይ ወደ 19፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 18 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ ይህም የማሽኑ ሰሌዳ የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ። በሙቀት መለኪያ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ይህ ችግር የለበትም። ማሽኑ ጀርም መግደሉ የሚፈተሽበት የስፖር ምርመራ ሕይወት ካሳየ ያ የማሽን ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ከመጨረሻው ጥሩ ምርመራ ወዲህ የወጣው ቆሻሻ ሁሉ በትክክል እንዳልተመከነ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ቁጥር 1፣ ፊደሉ እንደ ጀርሙ ዓይነት።

መብራት ሲሄድም እንደዚሁ። ባዮሴፍቲ ካቢኔት (አየር እየሳበ ሠራተኛውን ከጀርም የሚከልለው ሳጥን) ውስጥ ክፍት ናሙና ይዞ የነበረ ሰው ካለ፣ ጀነሬተሩ በደቂቃ ቢነሳ እንኳ፣ አየሩ ቆሟልና ክስተት ነው። ናሙናውን ይከድናል፣ እጁን ያወጣል፣ መብራት ሲመጣም ካቢኔቱን ቢያንስ 5 ደቂቃ አስነስቶ ነው የሚቀጥለው። ሴንትሪፊዩጅ (ናሙና በፍጥነት የሚያሽከረክረው ማሽን) ውስጥ ቱቦ ከተሰበረ ጠፍቶ ሳይከፈት 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ወዲያው የተከፈተ ከሆነ መዝገቡ ላይ እሱም ይጻፍ፣ ምክንያቱም 1 የነበረው ወደ 3 የሚሄደው በዚያ ነው። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ የመጣ የናሙና ሳጥን ሲከፈት ከናሙናው ቱቦ ውጭ ያለው ሁለተኛው መያዣ ውስጥ ፈሳሽ ከተገኘም ተቀባዩ ጠርጎ ዝም ማለት የለበትም፤ የላኪውን አስተሻሸግ የሚያስተካክለው ያ ሪፖርት ብቻ ነው።

ስለ በረኪና አንድ ነገር። 5% የሆነው በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር 0.5% ይሰጣል፤ በየቀኑ ይበጠበጣል። አርኤንኤ በሚወጣባቸው ኪቶች ሊሲስ በፈር (ናሙናውን የሚያፈርሰው ፈሳሽ) ውስጥ ግን ጓኒዲን ታዮሳያኔት አለ፤ ያ ሲፈስ በረኪና ከተጨመረበት መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በፎርሙ ላይ «ምን ፈሰሰ» ብቻ ሳይሆን «በምን ተጸዳ» የሚል መስመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሰዓት። ፎርሙ ላይ «3:00» ብቻ ከተጻፈ የማሽኑ መዝገብ 09:00 ይላል፣ ካርዷ ላይ ሌላ ይጻፋል፤ ከ72 ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት በከንቱ ይጠፋል ወይም ይጨመራል። «ጠዋት 3:00፣ በማሽኑ 09:00» ብለሽ ሁለቱንም፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስሞዪ።

«ምክንያት» የሚለው ሳጥን ውስጥ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል መልስ አትቀበዪ። ይህን ቃል ማገድ ከቻልሽ ግማሹን ሥራ ሠርተሻል። መርፌው ለምን ከረጢት ውስጥ ገባ? ሴፍቲ ቦክሱ ሞልቶ ነበር። ለምን አልተቀየረም? ስቶር የሚሰጠው በወር አንዴ ነው። ለምን? መጠየቂያው ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፣ አንዱ ፈራሚ ስብሰባ ላይ ነው። ሊስተካከል የሚችለው እዚያ ላይ ነው እንጂ ልጅቷ ጣት ላይ አይደለም። ግድግዳው ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ለጥፎ ቅጠል ለማውጣት ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ቤት ስንት አለ!

ከሁሉ የሚያናድደው ሪፖርቱን ተቀብሎ ወደ ሰው ኃይል የሚመራ ቢሮ ነው። ሪፖርት ያደረገው ሰው በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት «ዜሮ አደጋ» ተብሎ ይጨበጨባል። ቁጥር 0 እና 1 የሌለበት መዝገብ ንጹሕ አይደለም፣ የተደበቀ ነው። ስለዚህ ኃላፊሽን አንድ ነገር ብቻ በጽሑፍ አስወስኚ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ያመለከተ ሰው በዚያ ክስተት በዲሲፕሊን አይጠየቅም፤ ሆን ተብሎ ከተደረገ በቀር። ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

መርፌውንም ጠርሙሱንም በተከታታይ ቁጥር መዝገቡ ላይ አስገቢያቸው፤ ቁጥር አይዘለል፣ ገጽ አይቀደድ። ኃላፊሽ አልፈርምም ካሉ አትጨቃጨቂ። ደብዳቤ አድርገሽ መዝገብ ቤት አስገቢው፤ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ አንቺ ዘንድ አስቀሪ።