ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ራጁ «የቆየ ጠባሳ» ይላል፤ ደረቴን የሚያፍነኝ ታዲያ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ በሚፈተልበት ክፍል 15 ዓመት ሠርቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከእረፍት ስመለስ አንድ ነገር ይገጥመኛል። በመጀመሪያው ቀን ሥራ ገብቼ የተወሰነ ሰዓት እንደቆየሁ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፤ ያስለኛል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቀለል ይለኛል። አሁን ግን ሳሉ ሁለት ወር ሆኖት አልለቅ አለኝ። ደሴ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ወረቀቱ «በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል የቆየ ጠባሳ አለ፤ ሌላው ንጹሕ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ከ9 ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታምሜ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። አንዱ «ቲቢው ተመልሶብህ ነው» ይለኛል። ሌላው «ሲቲ ስካን ካልተነሣህ አይታወቅም» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «የደሴ ብርድ ነው የመታህ» ትላለች። የቱን ልስማ? ራጅ ደጋግሞ መነሣትስ አይጎዳም?

መልስ፦ አብሽሩ ወንድሜ። ከራጁ ወረቀት ይልቅ እኔን የጠቀመኝ እርስዎ የጻፉት ነገር ነው። «ከእረፍት ስመለስ በመጀመሪያው ቀን ይይዘኛል፣ ከዚያ ቀለል ይለኛል» ብለዋል። ይህን የትኛውም ፊልም አይነግረኝም ነበር። ወደ እሱ እመጣለሁ። በቅድሚያ ግን እጅዎ ላይ ስላለው ራጅ እናውራ።

ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ጨረሩ አየርን በቀላሉ ያልፋል፤ አጥንት ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ሳንባ በአብዛኛው አየር ስለሆነ ፊልሙ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። የጎድን አጥንትና ልብ ነጣ ይላሉ። በሳንባው ጥቁር ቦታ ላይ ነጭ ነገር ከታየ እዚያ ጋ አየሩ በሌላ ነገር ተተክቷል ማለት ነው። ያ «ሌላ ነገር» ግን ብዙ ነው። የሳንባ ምች የሚያመጣው ፈሳሽም፣ መግልም፣ ዕጢም፣ የዳነ ቁስል ጠባሳም ሁሉም ነጭ ናቸው። አንባቢው ሐኪም ቅርጹን፣ ቦታውንና ጠርዙን አይቶ ይገምታል። የሕመምተኛው ታሪክ ካልተጻፈለት ግምቱ ይሰፋል። የራጅ መጠየቂያው ላይ «ሳል» ብቻ ተጽፎ ሲላክ ሁልጊዜ ያናድደኛል። የእርስዎ ላይ «የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከ9 ዓመት በፊት ቲቢ የታከመ» የሚል ቢኖርበት ኖሮ መልሱም የተሻለ ይሆን ነበር።

ስለ አነሣሡም አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያው «ተንፍስ፣ በደንብ ሳብ፣ ያዝ» የሚለው ለወጉ አይደለም። ትንፋሽ በደንብ ካልተሳበ የሳንባው ታችኛው ክፍል ይጨማደድና ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ልብም ከመጠኑ በላይ የገዘፈ መስሎ ይታያል። ጤነኛ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ደግሞም ፊልሙን መስኮት ላይ አንሥተው ሲያዩ ግራና ቀኙ እንዳያደናግርዎ። ሰውየው ፊት ለፊትዎ እንደቆመ አድርገው ይዩት፤ ቀኝ ሳንባዎ በእርስዎ ግራ በኩል ነው።

እንግዲህ ጠባሳው። የሳንባ ነቀርሳ የሳንባን የላይኛውን ክፍል ይወዳል። ሲድንም ብዙ ጊዜ ምልክቱን ትቶ ነው የሚሄደው። ጠባሳው ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ያ ነጭ ምልክት በዋናነት የሚነግረን ከ9 ዓመት በፊት የሆነውን ነው። ቲቢው አሁን ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም የሚለውን አንድ ፊልም ብቻውን ሊቆርጥ አይችልም። ሁለት ፊልም ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ሕክምናውን ሲጨርሱ የተነሡት ራጅ ቤት ካለ፣ ከፍራሹ ሥር ወይም ከቁም ሳጥኑ ላይ ይፈልጉት። ጠባሳው ያኔም እንዲሁ ከነበረ፣ መጠኑም ካልተለወጠ፣ ትልቅ እፎይታ ነው። አዲስ ነጭ ነገር ከተጨመረ ወይም መሐሉ ላይ ጉድጓድ ከታየ ደግሞ ቶሎ መከታተል አለብን። ሰው አሮጌ ራጅ ይጥላል፤ እኔ ግን ከአዲሱ እኩል እፈልገዋለሁ።

ያም ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው፣ በተለይ ቀድሞ ቲቢ የነበረበት፣ አክታውን ሳያስመረምር «ምንም የለኝም» ማለት የለበትም። ራጅዎ የቱንም ያህል ቢያረጋጋ ይህን አይተካም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ሪፋምፒሲን ለሚባለው ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ያሳያል። ቀድሞ መታከምዎን ለባለሙያው ይንገሩ፤ ማሽኑ አንዳንድ ጊዜ የሞተ ባክቴሪያ ርዝራዥ አግኝቶ ሊያሳስት ይችላል። ይህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ታክመው ገና ጥቂት ዓመት በሆናቸው ላይ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ምራቅ ሳይሆን ከደረት የሚወጣ አክታ ይስጡ፤ ጠዋት የሚወጣው ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንምጣ።

ጥጥ ሲበተን፣ ሲዳመጥና ሲፈተል የሚነሣው ብናኝ ዝም ብሎ አቧራ አይደለም። የቅጠልና የፍሬ ስብርባሪ አለበት። ጥጡ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቅሪትም አለበት። ይህ ወደ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ሲገባ ያስቆጣቸዋል፤ ይጠባሉ። ደረት ይታፈናል፣ ሳል ይመጣል። የሚገርመው በእረፍት ቀን ሰውነት ፋታ አግኝቶ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ቀን ቁጣው ይበረታል፤ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ይለዝባል። በሽታው ቢሲኖሲስ ይባላል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ተልባና ቃጫ የሚያበጥሩ ሠራተኞች በብናኙ ሲያስሉና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጽፎ ነበር። በብዙ አገር የጥጥ ሠራተኞች ሰኞ ሰኞ የሚነሣ በሽታ አድርገው ያውቁታል። እናንተ ጋ እረፍቱ በፈረቃ ስለሚዞር «ሰኞው» ሐሙስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ሠራተኛ ቀኑን ከሕመሙ ጋር ሳያያይዝ የሚቀረው። እርስዎ ማያያዝዎ ትልቅ ነገር ነው።

አስም ቢሆንስ? ከሥራ ቦታ የሚመጣ አስም አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ይብሳል፣ በእረፍት ቀን ይሻላል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ሲጃራ ወይም ጋያ የሚያጨሱ ከሆነ ጉዳቱ ይደራረባል። ጫት ሲቅሙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የዕጣንና የሲጃራ ጭስ ውስጥ የሚያመሹ ከሆነም ሐኪምዎ ይወቀው። የሚቆጣዎት የለም፤ መድኃኒት ሲመረጥ ይጠቅማል።

ታዲያ ራጁ ይህን ለምን አላሳየም? ድንጋይ ፈላጭ በሳንባው ውስጥ የድንጋይ ብናኝ ሲጠራቀም ራጁ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። የጥጥ ብናኝ እንደዚያ አይደለም። የሚያደርገው ቧንቧውን ማጥበብ ነው። የእነዚያ ቀጫጭን ቧንቧዎች መጥበብ ደግሞ ፊልም ላይ አይወጣም። በተጨማሪም ራጁ የሚነሣው ትንፋሽ ተይዞ ነው። የሚኒባስ ፎቶ አይተው የሐረጎን ዳገት ይወጣ እንደሆነ መናገር አይችሉም፤ ሞተሩን ማስነሣት አለብዎት። ለሳንባም ሥራውን የሚለካ ምርመራ አለ፤ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። አፍንጫዎን ቆንጥጠው በቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይልዎ ይነፋሉ፤ ማሽኑ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ምን ያህል አየር እንዳወጡ ይመዘግባል። ለእርስዎ ዋናው ጥያቄ «ስንት ወጣ» ብቻ አይደለም። ሥራ ሳይገቡና ከፈረቃ ሲወጡ ያለው ልዩነት ነው ዋናው። ስፓይሮሜትሪ በቅርብ ካላገኙ ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባል ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ አለች። ከእረፍት በተመለሱበት ቀን ሥራ ከመግባትዎ በፊትና ሲወጡ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፍተው ትልቁን ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ። በሌሎቹ የሥራ ቀናትና በእረፍት ቀንም እንዲሁ። ያንን ደብተር ይዞ የሚመጣ ሕመምተኛ ሥራዬን ግማሽ ያቀልልኛል።

ሲቲ ስካን አሁን አያስፈልግዎትም ብዬ አምናለሁ። ሲቲ ሳንባን በስስ በስሱ ቆራርጦ ስለሚያሳይ ራጅ የሚደብቀውን፣ ከልብና ከጎድን አጥንት ኋላ ያለውን ሁሉ ያወጣል። አክታው ነፃ ሆኖ ሳሉ ከቀጠለ፣ ደም ከታየ፣ ወይም ጠባሳው ከድሮው ፊልም ተለውጦ ከተገኘ እኔም አዝዝልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ገንዘብዎን ለስፓይሮሜትሪ ያውሉት። ስለ ጨረሩ የጠየቁትም እዚህ ጋ ይመጣል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሰው በተፈጥሮ ከአፈር፣ ከሰማይና ከአየር የሚያገኘው በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ነው። ስለዚህ የራጁ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ዝም ብለን ከምናገኘው አይበልጥም። የተለመደው የደረት ሲቲ ግን ከ5 እስከ 7 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። እሱም ሲያስፈልግ አይፈራም፤ ሳያስፈልግ ግን አይታዘዝም።

ለባለቤትዎም መልስ አለኝ። ብርድ ቲቢ አያመጣም፤ ቢሲኖሲስም አያመጣም። ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ቀዝቃዛ አየር የተቆጣን ቧንቧ ይበልጥ ያጠበዋል። ደሴም ከኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛ ሰውም ዳገቷን ሲወጣ ቶሎ ያለከልካል። እግረ መንገዴን፣ ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደሴ ላይ 93 ወይም 94 ስታሳይ የሚደነግጡ አሉ። በዚያ ከፍታ ይህ ጤነኛ ሰው ላይም የሚታይ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ሥራው። ቢሲኖሲስ ገና በመጀመሪያው ቀን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ከብናኙ መራቅ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ዓመታት ሲቆይና ሳምንቱን ሙሉ ሲያፍን ግን ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። ለዚህ ነው ሳሉ ሁለት ወር አልለቅ ማለቱ ያሳሰበኝ፤ ሌላ ምክንያት ከሌለው በሽታው አንድ እርምጃ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። ሳልቡታሞል የመሰለ የሚሳብ መድኃኒት ያስታግሳል፤ ብናኙ ውስጥ እየሳቡ መቆየት ግን ሕክምና አይደለም። ምርመራው ከተረጋገጠ ሐኪምዎ ብናኝ ወደሌለበት ክፍል እንዲዛወሩ ይጻፍልዎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የሚመጣ በሽታ ዕውቅና አለው፤ አሠሪውም የአደጋ መከላከያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ወረቀቱን እንደ ልመና አይዩት። እስከዚያው ነጠላ ወይም ስስ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ነው የሚሻለው። ከፈረቃ ሲወጡ ልብስን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ ልማድ ከሆነም ይተዉት፤ የወጣው ብናኝ ተመልሶ አፍንጫዎ ውስጥ ነው የሚገባው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። አክታውን በዚሁ ሳምንት ኮምቦልቻ ባለ ጤና ጣቢያ ያስመርምሩ። የኤችአይቪ ምርመራም ከተጠየቁ እሺ ይበሉ፤ ከቲቢ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ከዚያ የድሮውንና የአዲሱን ፊልም፣ የፒክ ፍሎው ደብተሩንም ይዘው ደሴ ወደሚገኝ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይሂዱ። ይህን ሁሉ እያደረጉ ሳለ ደም ካሳልዎ፣ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ወይም ማታ ማታ እያላበዎ ክብደት ከቀነሱ ቀጠሮ አይጠብቁ። የቀድሞ የቲቢ ጠባሳ ያለበት ሰው ደም ሲተፋ፣ ጥቂት እንኳ ቢሆን፣ በዚያው ቀን ነው የሚታየው።